ስታፊንጉን ከተርኪው ሆድ እናውጣው



አዘጋጆቹ ስለ ታንክስጊቪንግ ገበታ እንድናገር ሲጋብዙኝ ስለ ተርኪው የማወራ ሳይመስላቸው አልቀረም። ስለ ተርኪ የሚያወራ ሰው አይጠፋም። እኔ የማወራው ከጎኑ ስለሚቀርበው፣ ከዳቦና ከቅጠላ ቅመም ስለሚሠራው ስታፊንግ ነው። በእኔ ሚዛን በዚያ ቀን ከሚቀርበው ምግብ ሁሉ ለእኛ ሰው ይበልጥ ቅርብ የሆነው እሱ ነው። የምለውም አንድ ነገር ነው፦ ስታፊንግ የዳቦ ምግብ ነው። ስለዚህ ከተርኪው ሆድ አውጥተን በራሱ ትሪ እንጋግረው።

ምክንያቴን ከቀን መቁጠሪያ ልጀምር። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ታንክስጊቪንግ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው፤ አራተኛ ሐሙስ ደግሞ ከ22 በፊትም ከ28 በኋላም ሊውል አይችልም። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ነው፤ ይህም በአብዛኛው ኖቬምበር 24፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ደግሞ 25 ላይ ይውላል። እንግዲህ አስሉት። በዓሉ ሊውልባቸው ከሚችሉት ሰባት ቀኖች የሚበዙት ጾም ውስጥ ናቸው። በ2022 ታንክስጊቪንግ የዋለው ልክ ጾሙ በገባበት ዕለት ነበር። በ2023 ሁለት ቀን ቀድሞ አመለጠ። በ2024 ኅዳር 19፣ በ2025 ኅዳር 18 ዋለ።

ይህን የማነሣው ቄስ ልሆንባችሁ ፈልጌ አይደለም። በየቤታችን የሚሆነውን ስለማውቅ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሰሙትን በዓል ቤታቸውም ማየት ይፈልጋሉ። አያት ጾመኛ ናቸው። እናት ትጾማለች፤ አባት ደግሞ ሰው ሲያየው ይጾማል። በዓሉን አብራን የምታሳልፈው ሙስሊም ጎረቤታችን ተርኪው ሐላል መሆኑን ሳታረጋግጥ አትነካውም፤ ልክም ናት። 15 ፓውንድ ተርኪ መሀል ገበታ ላይ ተጋድሞ የቤተሰቡ እኩሌታ ሰላጣ ሲቆረጥም ያመሻል። ስታፊንጉ እንኳ አይደርሳቸውም፤ ወፉ ሆድ ውስጥ በስሎ፣ ጮማውን ጠጥቶ ነው የወጣው። ዳቦ፣ ሽንኩርትና ቅጠል የሆነ ምግብ በገዛ እጃችን ጾመኛ የማይቀምሰው አደረግነው ማለት ነው።

ስለ ታሪኩ ባጭሩ ልለፍ። በ1621 በፕሊመዝ እንግሊዛውያን ሰፋሪዎችና ዋምፓኖጎች አብረው የበሉትን ግብዣ በዘመኑ በደብዳቤ ካሰፈሩት አንዱ ኤድዋርድ ዊንስሎው ነው። በደብዳቤው የታደኑ ወፎች አሉ፤ ዋምፓኖጎቹ ያመጧቸው አምስት አጋዘኖች አሉ። ዳቦ የተሞላ ተርኪ ግን የለም። (ከ1970 ጀምሮ የአገሬው ተወላጆች በዚያው በፕሊመዝ እየተሰበሰቡ ዕለቱን የሐዘን ቀን አድርገው እንደሚያስቡትም ለልጆቻችን ብንነግራቸው ጥሩ ነው።) የወፍ ሆድ መሙላት ግን ከአሜሪካም እጅግ የቀደመ ነገር ነው፤ በአፒኪዩስ ስም በሚታወቀው የጥንት ሮማውያን የምግብ መጽሐፍ ውስጥም ይገኛል።

እኛን የሚመለከተው አሠራር የሚገኘው አሜሊያ ሲመንስ በ1796 በሀርትፎርድ፣ ኮነቲከት ባሳተመችው መጽሐፍ ላይ ነው። በአሜሪካዊ ተጽፎ በአሜሪካ የታተመ የመጀመሪያው የምግብ መጽሐፍ እየተባለ የሚጠራው እሱ ነው። ለተርኪ የምታዘው አንድ ፓውንድ ለስላሳ የስንዴ ዳቦ፣ ሦስት አውንስ የበሬ ሞራ፣ ሦስት እንቁላል፣ ጥቂት ታይም፣ ማርጆራም፣ ቁንዶ በርበሬና ጨው ነው፤ ወይን ጠጅ የሚጨምሩም አሉ ትላለች። ሞራውን በቅቤ ተኩት፤ ሽንኩርትና ሴለሪ ጨምሩበት፤ ዛሬ በየአሜሪካዊው ቤት የሚሠራው ይኸው ነው። ሊንከን በ1863 በዓሉን አገር አቀፍ ሲያደርገው ስታፊንጉ ገበታው ላይ ቦታውን ከያዘ ቆይቷል። ለበዓሉ መታወጅ ዓመታት ሙሉ የወተወተችው ሣራ ጆሴፋ ሄል በ1827 ባወጣችው ልብ ወለድ ውስጥ እንኳ የምስጋና ቀኑ ተርኪ ከነስታፊንጉ ነው የቀረበው።

ከዚያ ሣጥኑ መጣ። ጄነራል ፉድስ የተባለው የምግብ ኩባንያ ስቶቭ ቶፕ የሚባለውን የሣጥን ስታፊንግ ለገበያ ያቀረበው በ1972 ነው። የፈጠራ ሥራው የሩት ሲምስ ነው፤ የኢንዲያና ተወላጅ፣ በኩባንያው ውስጥ የምግብ ባለሙያ ነበረች። የፈጠራ መብቱ በ1975 በእሷና በባልደረቦቿ ስም ተመዘገበ። ሴትዮዋ የደረሰችበት ምሥጢር ቅመም አልነበረም፤ የዳቦው ቁራሽ መጠን ነው። ቁራሹ በጣም ከደቀቀ ፍል ውሃ ሲያገኘው ይላቁጣል። በጣም ከተለቀ ደግሞ ላዩ ርሶ መሀሉ ደረቅ ይቀራል። መሀከለኛውን አገኘችና ስታፊንግ በአምስት ደቂቃ የሚደርስ ምግብ ሆነ። እኔ ሣጥኑን አልንቅም። ሌሊቱን ሆስፒታል አድራ ጠዋት የምትገባ ነርስ ሣጥን ከፈተች ብሎ የሚወቅስ ካለ እሱ ራሱ ወጥ ቤት ይግባ። ግን ሣጥኑን ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፤ ብዙዎቹ ወተት ነክ ወይም ከሥጋ የወጣ ነገር አለባቸው። ከሩት ሲምስ የምንወስደው ቁም ነገር ሌላ ነው፦ የስታፊንግ ነገር የሚያልቀው ዳቦው ላይ ነው።

ስለዚህ ዳቦው ላይ ትንሽ እንቆይ።

ለስምንት እስከ አሥር ሰው አንድ ፓውንድ ተኩል ዳቦ ይበቃል። ቅርፊቱ ጠንከር ያለ፣ ሆዱ ያልሳሳ ይሁን። በላስቲክ የሚሸጠው ለስላሳ የሳንድዊች ዳቦ መረቅ ሲነካው ወዲያው ይፈርሳል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ቁራሽ ቁረጡት፤ በእጅ የቆረሳችሁት እንደሆነ ደግሞ ጠርዙ ስለሚዥጎረጎር ላዩ ይበልጥ ይጠበሳል።

አብዛኛው ሰው "ዳቦው ይደር" ይላል። ያደረ ዳቦና የደረቀ ዳቦ ግን አንድ አይደሉም። ዳቦ ሲያድር የሚጠነክረው ውሃው ስለተነነ ብቻ አይደለም። ሲጋገር ውሃ ጠጥቶ የለሰለሰው ስታርች ሲቀዘቅዝ መልሶ እየጠጠረ ስለሚሄድ ነው። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጠብታ ውሃ ሳይወጣው ያደረ ዳቦም የሚጠነክረው ለዚህ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ ያደረማ ይብስበታል። እንዲህ ያለው ዳቦ ጠነከረ እንጂ አልደረቀም። ውሃው እዚያው ሆዱ ውስጥ አለ፤ መረቁ ሲመጣ መግቢያ ያጣል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ስታፊንጉ ገንፎ የሚሆንበት፤ ጥፋቱን በመረቁ ያላክካል እንጂ ጥፋቱ የዳቦው ነው።

መድኃኒቱ ኦቨን ነው። ቁራሹን በሰፊ ትሪ ላይ አንድ ረድፍ አድርጋችሁ ዘርጉት፤ በ275 ዲግሪ ፋራናይት ለ45 ደቂቃ ያህል፣ አንድ ሁለት ጊዜ እያገላበጣችሁ አቆዩት። የምንፈልገው መድረቁን ነው፤ መጥቆሩን አይደለም። አንዱን ቁራሽ አንሱና በሁለት ጣት ተጫኑት። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ከተሰረጎደና ተመልሶ ከተነሣ መልሱት። እንዲህ የደረቀ ዳቦ በደንብ ተከድኖ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ስለዚህ የሐሙሱን ሥራ ማክሰኞ መጀመር ይቻላል።

ለእኛ ሰው ይህን ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ድርቆሽ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ርጥብ እንጀራ ፍርፍር ላይ ቶሎ ይላቁጣል። ድርቆሽ ግን ቁሌቱን ጠጥቶም እንጀራነቱን አይለቅም። ስታፊንግም በዚሁ ሕግ ነው የሚሠራው።

ድፎ ዳቦ ይሆናል ወይ? ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ይሆናል፤ እንዲያውም ያምራል። ሆዱ ደልደል ያለ ስለሆነ ቁራሹ አነስ ይበል፣ ኦቨን ውስጥም ይቆይ። ጥቁር አዝሙድ የገባበት ከሆነ ግን የቅጠሉን መዓዛ ይሻማልና ሌላ ቅመም ቀንሱ። ኅብስት አይሆንም። በእንፋሎት ስለበሰለ ቅርፊት የለውም፤ መረቅ ሲያገኘው ሊጥ ወደ መሆን ይመለሳል።

ወደ ቅጠሉ እንለፍ። የዚህ ምግብ ቅጠሎች ሴጅ፣ ሮዝመሪ፣ ታይምና ፓርስሊ ናቸው። ሮዝመሪን ላስተዋውቃችሁ አልነሣም፤ የጥብስ ቅጠላችን ነው። ታይምም ባዳ አይደለም፤ የጦስኝ የቅርብ ዘመድ ነው። ከመንዝ ወይም ከባሌ የመጣ ጦስኝ ቤታችሁ ካለ ተጠቀሙበት፤ ግን ሽታው ስለሚበረታ ታይም ከሚታዘዘው ግማሹን ብቻ አድርጉ። እንግዳ የሚሆንብን ሴጅ ብቻ ነው። ግራጫ ያዘለ አረንጓዴ፣ ሲዳሰስ ጸጉራም የሆነ ቅጠል ነው። ጥሬውን ቢቀምሱት ይመራል፣ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ትኩስ ቅቤ ወይም ዘይት ውስጥ ሲገባ ግን ባሕርዩ ይለወጣል፤ ምሬቱ ይለዝባል፣ መዓዛው ቤቱን ይሞላል። አሜሪካኖቹ "የታንክስጊቪንግ ሽታ" የሚሉት በአመዛኙ የሴጅ ሽታ ነው። ዊሊያም ቤል የተባለ የቦስተን ሰው በ1867 የጀመረው፣ ዛሬም ድረስ የሚሸጠው፣ ሣጥኑ ላይ ተርኪ የተሳለበት ቅመም እንኳ ሴጅ፣ ሮዝመሪ፣ ኦሬጋኖ፣ ማርጆራም፣ ታይም፣ ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ነው።

ለጠቀስኩት ዳቦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተከተፈ ርጥብ ሴጅ፣ አንድ ማንኪያ ታይም፣ አንድ ማንኪያ ሮዝመሪ፣ ግማሽ ኩባያ ፓርስሊ ይበቃል። ሮዝመሪውን በጣም አድቅቁት፤ ጥርስ ውስጥ ሲገባ ሰው ያስቀይማል። የደረቀ ቅጠል ከሆነ የርጥቡን ሢሶ ብቻ አድርጉ። አምና ለታንክስጊቪንግ የተገዛውን ብልቃጥ ደግሞ መዳፋችሁ ላይ አሽታችሁ አሽትቱት፤ ካልሸተታችሁ ጣሉት።

ንጥር ቅቤስ የሚል ይኖራል። ሞክሬዋለሁ፤ አልወደድኩትም። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ሴጁን ይጫኑታል፤ የሚወጣው ምግብ የእኛም የእነሱም ሳይሆን ይቀራል። በርበሬም እንደዚሁ። ዶሮ ወጡ በራሱ ቀን ይምጣ። የሚያቃጥል ነገር ካማራችሁ ቃሪያ ከሽንኩርቱ ጋር ክተፉበት፤ ያ አይጣላውም።

አሠራሩ ይህ ነው። አንድ ዘንግ የገበታ ቅቤ፣ ማለትም ግማሽ ኩባያ፣ በሰፊ መጥበሻ አቅልጡ። ሁለት ራስ ሽንኩርትና አራት ዘንግ ሴለሪ በደቃቁ ከትፋችሁ ጨምሩ። እዚህ ላይ የወጥ እጃችሁን ግቱት፤ ሽንኩርቱ አይቁላላ። አሥር ደቂቃ ያህል በመካከለኛ እሳት እስኪለሰልስና ብርሃን እስኪያሳልፍ ብቻ ነው። ከጠቆረ ስታፊንጉ ይጣፍጣል፣ የቅጠሉ መዓዛ ግን ይቀበራል። ከዚያ ሴጁን፣ ታይሙንና ሮዝመሪውን አንድ ደቂቃ አዋሕዱትና አውርዱት፤ ፓርስሊው መጨረሻ ላይ ጥሬውን ይገባል። ይህን ሁሉ ዳቦው ላይ ገልብጡና አደባልቁ።

ሁለት እንቁላል ከሦስት ኩባያ ለብ ያለ መረቅ ጋር ምቱ። እንቁላሉ እንዳይበስል መረቁ አይፍላ። መረቁን ዳቦው ላይ በሁለት ሦስት ጊዜ አፍስሱ፤ በየመሀሉ ጥቂት ቆይታችሁ ከሥር ወደ ላይ አገላብጡ። ሁሉንም አንዴ ማፍሰስ ነው የሚያበላሸው፤ የታችኛው ይጠመቃል፣ የላይኛው ደርቆ ይቀራል። ዐሥር ደቂቃ ተዉት። አሁን አንድ እፍኝ ዘግናችሁ ጨበጥ አድርጉት። እንደተያያዘ ከቀረና በጣታችሁ መሀል ጠብታ ካልወረደ ልክ ነው። ከፈረሰ መረቅ ጨምሩ። ከተንጠባጠበ ደግሞ የደረቀ ዳቦ ጨምሩ፤ ለዚህ ሲባል ከደረቀው ጥቂት ቁራሽ አስቀርቶ መያዝ ብልህነት ነው። ጨው ከመጨመራችሁ በፊት መረቁን ቅመሱት፤ የሱቅ መረቅ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ጨው ነው።

ቅቤ በተቀባ ትሪ ገልብጣችሁ በፎይል ሸፍኑትና በ350 ዲግሪ 35 ደቂቃ ያህል ጋግሩ። ከዚያ ፎይሉን አንሥታችሁ ሌላ 20 ደቂቃ፣ ላዩ ወርቃማ ሆኖ ሲነኩት እስኪንኮሻኮሽ አቆዩት። ይህ ላዩ የሚንኮሻኮሸው ነገር ከወፍ ሆድ ውስጥ ፈጽሞ አይገኝም። ልጆች የሚጣሉበት እሱ ነው።

አሁን ወደ ሆዱ ልምጣ። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ስታፊንግ ወፉ ውስጥም ይብሰል ውጭ መሀሉ 165 ዲግሪ ፋራናይት መድረስ አለበት ይላል። ወፉ ሆድ ውስጥ ያለ ዳቦ የጥሬ ሥጋ ፈሳሽ ይጠጣል፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ተህዋሲ ካለ አብሮ ይገባል። ሙቀት ወደዚያ የሚደርሰው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። ደረቱ በስሎ ሊወጣ ሲል ስታፊንጉ ገና ነው። ስታፊንጉን ብትጠብቁ ደረቱ ደርቆ ጉሮሮ ይይዛል፤ ደረቱን ብታድኑ ስታፊንጉ ያማል። "እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሆዱ ውስጥ ነው የሠራችው፣ ማንም አልታመመም" የሚል አሜሪካዊ ጎረቤት አይታጣም። ይሁን። ሆዱ ውስጥ ልሥራ የሚል ሰው ቢያንስ ወደ ኦቨን ሊያስገባ ሲል ብቻ ሳይጠቀጥቅ ይሙላ፤ ቴርሞሜትሩንም ስታፊንጉ መሀል ይትከል። ግራ የገባው ሰው የሚደውልበት የስልክ መስመር ቡተርቦል የሚባለው የተርኪ ኩባንያ ከ1981 ጀምሮ በየዓመቱ ይከፍታል፤ አገሩ በሙሉ በዚህ ጉዳይ እንደሚጨነቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

የጾሙ ትሪ ከዚህ ብዙም አይለይም። በቅቤው ፈንታ ግማሽ ኩባያ የወይራ ዘይት ይገባል። እንቁላሉ ይቀራል፤ በምትኩ መረቁን ግማሽ ኩባያ አብዙት። ሲቆረስ ትንሽ ፈርከስ ይላል፣ ጣዕሙ ግን ምንም አይጎድልበትም። መረቁን ከካሮት፣ ከሽንኩርት፣ ከሴለሪው ቅጠልና ከደረቀ እንጉዳይ ቀቅላችሁ አውጡ፤ የሥጋውን ቦታ የሚሸፍነው እንጉዳዩ ነው። ርጥብ እንጉዳይም ለብቻው በትኩስ መጥበሻ፣ ውሃው ተንኖ እስኪጠቁር ጠብሳችሁ ብትደባልቁበት ሥጋ የሚበላውም ሰው ወደዚህኛው ትሪ ነው የሚዞረው። ዳቦው ላይ ግን ተጠንቀቁ። ብሪዮሽና ሃላ እንቁላል አለባቸው፤ ብዙ የሱፐርማርኬት ዳቦም ወተት ወይም የወተት ዱቄት ይገባበታል። ተራው ባጌት አብዛኛውን ጊዜ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ብቻ ነው፤ ቢሆንም መለያውን አንብቡ። ትሪውን ከተርኪው በታች ባለው መደርደሪያ አታስገቡ፤ ጮማው ይንጠባጠብበታል።

አሜሪካኖቹ ብዙ ጊዜ ለዚህ ግብዣ የሚቀመጡት ከቀኑ ዘጠኝና ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ለጾመኛ ከዚህ የተሻለ ሰዓት ማን ይመርጥለታል?

ሌላ ቤት ከተጋበዛችሁ ደግሞ ሳታፍሩ ጠይቁ። በብዙ ቤት ስታፊንግ ውስጥ ቋሊማ ይገባል፣ ቋሊማው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው። በኒው ኢንግላንድ ኦይስተር የሚጨምሩ አሉ፤ በደቡብ ከበቆሎ ዳቦ ይሠሩታል፣ እሱም ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት አያጣውም። ጋባዡ አይከፋም። ከሁሉ የሚሻለው ግን የራሳችሁን ትሪ ይዞ መሄድ ነው፤ እዚህ አገር በታንክስጊቪንግ ምግብ ይዞ መምጣት ወግ እንጂ ነውር አይደለም።

የተረፈውን ከሁለት ሰዓት በላይ ገበታ ላይ አታቆዩ፤ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቆያል፣ ሲሞቅም እንደገና 165 ዲግሪ ይድረስ። በማግስቱ ጠዋት በመጥበሻ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ጥበሱት፤ ከሻይ ጋር እንዴት እንደሚሆን አልነግራችሁም፣ ራሳችሁ ሞክሩት።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህንን ነው። በዚህ ዓመት በዓሉ ጾም ላይ ይውል እንደሆነ ዛሬውኑ ቀን መቁጠሪያችሁን እዩ። ከዋለ ሁለት ትሪ ጋግሩ፤ የጾሙን በተለየ ማንኪያና ማማሰያ፣ ሌላው ሥራ ሳይጀመር አስቀድማችሁ ሥሩ፤ ገበታው ላይም መሀል አስቀምጡት እንጂ ጥግ አትሸጉጡት። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።